ዝንብ ኮርኒስ ላይ እንዴት ታርፋለች?

እ.ኤ.አ. በ1941 መጀመሪያ ለንደን በጀርመን ቦምብ እየተደበደበች ነው። ቢቢሲ ሬዲዮ በዚያ ጭንቅ መሀል አዲስ ፕሮግራም ጀመረ። አድማጭ የፈለገውን ጥያቄ ይልካል፣ ምሁራኑ ሳይዘጋጁ ይመልሳሉ። በኋላ "ብሬይንስ ትረስት" ተባለ። "ዝንብ ተገልብጣ ኮርኒስ ላይ የምታርፈው እንዴት ነው?" ብሎ የጠየቀም ነበር። ሚሊዮኖች ከሚያዳምጧቸው ቋሚ መላሾች አንዱ ጁሊያን ሀክስሊ ነበር።

ሰውየው ተራ የሬዲዮ ወሬኛ እንዳይመስላችሁ! በ1887 የተወለደው ሀክስሊ፣ ለዳርዊን ጥብቅና የቆመው የቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ የልጅ ልጅ ነው። በ1914 የአንዲት የውሃ ወፍን የመጠናናት ሥርዓት አጥንቶ ስም አወጣ። በ1925 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1927 ግን ወንበሩን ለቀቀ፤ ከደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስና ከልጁ ጋር ለተራው አንባቢ የሚሆን ትልቅ የባዮሎጂ መጽሐፍ ለመጻፍ። በ1934 ስለ ባሕር ወፎች የሠራው አጭር ፊልም ኦስካር አሸንፏል። በ1942 ደግሞ የዳርዊንን ተፈጥሯዊ ምርጫ ከሜንደል የዘር ውርስ ሳይንስ ጋር ያስታረቀ መጽሐፉን አሳተመ። አስቡት እንግዲህ፣ ይህን መጽሐፍ ያወጣው ሬዲዮ ላይ የዝንብ ጥያቄ በሚቀርብለት ዘመን ነው።

እስቲ ወደ ሌላው ገጽ እንለፍ። ሀክስሊ በ1935 ከአንትሮፖሎጂስቱ ሀደን ጋር ሆኖ የናዚዎችን የዘር "ሳይንስ" የሚያፈርስ መጽሐፍ ጽፏል። ይኸው ሰው ግን ከ1959 እስከ 1962 የብሪታኒያ ዩጀኒክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ዩጀኒክስ ማለት ማን ይውለድ፣ ማን አይውለድ እያሉ የሰውን ዘር "እናሻሽል" የሚል አስተሳሰብ ነው። ስህተቱን ያየ ሰው ሌላ ስህተት ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ነገሩ እኛም ቤት ይደርሳል። በ1946 የዩኔስኮ የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር የሆነው ሀክስሊ፣ በ1963 የድርጅቱን የባለሙያዎች ቡድን መርቶ ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ሊያማክር ኢትዮጵያ መጣ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1969 ተቋቋመ፣ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ። ዋልያ መጠበቁ ደግ ነው። ግን በዚያ ተራራ ላይ ሰውም ይኖር ነበር፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከቀያቸው እንዲነሱ ተደርጓል። ሀክስሊ በ1975 ስለሞተ ይህን እሱ ወሰነ ማለት አይቻልም። ይሁንና ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ዋልያውን ሲያይ ገበሬውንም ይጠይቃል ወይ? ማለታችን አይቀርም።

ለእኔ የሰውየው ትልቁ ውለታ ያ ሬዲዮ ነው። ማንም ሰው ምሁርን መጠየቅ እንደሚችል አሳይቷልና። ታዲያ እሱንስ ለምን አንጠይቀውም?