በሚተዳደር የኔትወርክ ስዊች ላይ የአይፒ አድራሻ አሰጣጥ

በመሥሪያ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶች፣ በጤና ጣቢያዎችና በግል ድርጅቶች ውስጥ ኮምፒውተሮችን፣ ማተሚያዎችንና ካሜራዎችን በኬብል የሚያገናኘው መሣሪያ ስዊች ይባላል። ስዊች በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ተሰክቶ ወዲያውኑ የሚሠራ ተራ ስዊች ሲሆን፣ ሁለተኛው በተለምዶ ማኔጅድ ስዊች የሚባለውና ቅንብሩ እንደ ተቋሙ ፍላጎት የሚለወጠው የሚተዳደር ስዊች ነው። ይህ ጽሑፍ ለሁለተኛው ዓይነት የአይፒ አድራሻ የሚሰጥበትን አግባብ የሚያስረዳ ሲሆን፣ ሥራውን ራሳቸው ለሚያከናውኑም ሆነ ከባለሙያ ለሚረከቡ ተገልጋዮች ያገለግላል።

አድራሻው የሚያስፈልግበት ምክንያት

ስዊች መረጃን የሚያስተላልፈው የየመሣሪያውን ማክ አድራሻ በመለየት ስለሆነ፣ ለዚህ መደበኛ ተግባሩ የራሱ አይፒ አድራሻ አያስፈልገውም። አይፒ አድራሻው የሚያስፈልገው ስዊቹን ከርቀት ለመቆጣጠርና ለማስተካከል ነው። በመሆኑም ኮምፒውተሮች ያለ ችግር መሥራታቸው የስዊቹ አድራሻ በትክክል መሰጠቱን አያረጋግጥም። ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው አገልግሎት ተቋርጦ ወደ ስዊቹ መግባት ሲያስፈልግ ነው።

አስቀድሞ መወሰን ያለባቸው ጉዳዮች

ለስዊች የማይለዋወጥ ቋሚ አድራሻ መስጠት ይመረጣል። አድራሻው ለግል ኔትወርክ ከተከለሉት ክልሎች፣ ማለትም በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ወይም በ192.168 ከሚጀምሩት መካከል ተቋሙ የሚጠቀምበት መሆን አለበት።

ለምሳሌ የአንድ ጤና ጣቢያ ራውተር አድራሻ 192.168.10.1 ቢሆንና ለኮምፒውተሮች ከ192.168.10.100 እስከ 192.168.10.200 ያለውን በራሱ የሚያድል ቢሆን፣ ለስዊቹ ከዚህ ዕደላ ውጪ የሆነውን 192.168.10.2 መስጠት ይቻላል። ሰብኔት ማስኩ 255.255.255.0፣ ጌትዌዩ ደግሞ የራውተሩ አድራሻ 192.168.10.1 ይሆናል። የራውተሩ አድራሻ በስሕተት ለስዊቹ ከተሰጠ ሁለቱ ስለሚጋጩ የመላው ተቋም ኢንተርኔት ሊቆራረጥ ወይም ሊቋረጥ ይችላል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ስዊቹን ከኔትወርኩ ለይተው ከአንድ ላፕቶፕ ጋር ብቻ ያገናኙ። ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው አድራሻ ከራውተርዎ ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል ይህ ጥንቃቄ አስፈላጊ ነው።

2. በስዊቹ መለያ ወረቀት ወይም መመሪያ ላይ የተጻፈውን የመጀመሪያ አድራሻ ይመልከቱ። አድራሻው 192.168.0.1 ከሆነ ላፕቶፑን ለጊዜው 192.168.0.50 በማድረግ በኢንተርኔት ማሰሻ ይግቡ። የመጀመሪያ አድራሻ የሌለው ስዊች ከሆነ በኮንሶል ኬብል ይግቡ፤ የብዙዎቹ የኮንሶል ፍጥነት በሴኮንድ 9600 ቢት ነው።

3. ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ወዲያውኑ ይለውጡ።

4. ለአስተዳደር የተመደበውን ቪላን ይምረጡ። በብዙ ስዊቾች ላይ ይህ ቪላን 1 ነው። ሌላ ቪላን ከመረጡ፣ ላፕቶፑ የተሰካበት ፖርት የዚያው ቪላን አባል መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ራስዎን ውጪ ይዘጉበታል።

5. አዲሱን አድራሻ፣ ሰብኔት ማስኩንና ጌትዌዩን ያስገቡ። በማሰሻ የገቡ ከሆነ አድራሻው እንደተለወጠ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ላፕቶፑን ለምሳሌ 192.168.10.50 አድርገው በአዲሱ አድራሻ እንደገና ይግቡ።

6. ቅንብሩን በቋሚነት ያስቀምጡ። በብዙ ስዊቾች ላይ ለውጡ ተግባራዊ መሆኑና መቀመጡ የተለያዩ ናቸው። ያልተቀመጠ ቅንብር መብራት ሲጠፋ ይሰረዛል፤ ስዊቹም ወደ ቀድሞ አድራሻው ይመለሳል።

7. ስዊቹን አጥፍተው ያብሩ፣ ከኔትወርኩ ጋር ያገናኙ፣ ከዚያም ከሌላ ኮምፒውተር በፒንግ ይፈትሹ።

የደኅንነት ጥንቃቄ

የስዊቹ መግቢያ ከውጭ ኢንተርኔት በቀጥታ እንዲደረስበት ማድረግ አይገባም። ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳያመሰጥር ስለሚያስተላልፍ ተዘግቶ በምትኩ ኤስኤስኤች ሊከፈት ይገባል። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ወይም ተቋም የኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በወንጀል ያስጠይቃል።

ከባለሙያ ሲረከቡ

ሥራውን የሠራው ባለሙያ የስዊቹን ሞዴል፣ አይፒ አድራሻ፣ ሰብኔት ማስክ፣ ጌትዌይና የአስተዳደር ቪላን በጽሑፍ እንዲያስረክብ ይጠይቁ። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ለተቋሙ ኃላፊ ይሰጥ፤ የቅንብሩ ቅጂም በፋይል ይቀመጥ። ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት ኃላፊው ባለበት ስዊቹ ጠፍቶ ይበራና በተመዘገበው አድራሻ መግባት መቻሉ ይታይ። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው አማራጭ ስዊቹን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ ሲሆን፣ ይህም ቀደም ሲል የተሠራውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ሥራው ከመነሻው እንዲጀመር ያስገድዳል። አንድ ገጽ የርክክብ ሰነድ ተቋሙን ከዚህ ድካምና ተጨማሪ ወጪ ያድነዋል።