«ከተፈጥሮ የተገኘ» መድኃኒትና የግብጦ ውኃ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ደምበጫን ያገኛል፡፡ በደምበጫና በአካባቢው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች ግብጦን የማያውቅ ሰው አይገኝም፡፡ ጥሬው ግብጦ እጅግ መራራ ነው፡፡ ሉፓኒንን የመሳሰሉ አልካሎይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉበት ሳይታጠብ በብዛት የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ራሱን ያዞረዋል፡፡ ስለዚህ የጎጃም እናቶች ግብጦውን ቆልተው ወይም ቀቅለው፣ ውኃውን እየለዋወጡ ወይም ወራጅ ውኃ ውስጥ ነክረው ለቀናት ያቆዩታል፡፡ ምሬቱ ሲለቅ ለመክሰስ ይቀርባል፣ አረቄም ይወጣበታል፡፡

ግብጦ ከዘሩ እስከ አጨዳው ተፈጥሯዊ ነው፡፡ ሆኖም የጎጃም ባለሙያ ሴት «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ብላ ጥሬውን ለልጇ አትሰጥም፡፡ ምን እንዳለበት፣ ምን ያህል መታጠብ እንዳለበትና መቼ እንደሚበላ ታውቃለች፡፡ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ የቤት ውስጥ ዕውቀት ከተማ ሲገባ ለምን እንደሚረሳ ነው፡፡

ከተማ ውስጥ የሚሸጠው እሽግ ሌላ ቋንቋ ይናገራል፡፡ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ»፣ «ከኬሚካል ነፃ»፣ «የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው» ይላል፡፡ ከሥር ደግሞ የሚያድናቸው በሽታዎች ይደረደራሉ፤ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ፣ ኪንታሮት፣ አስም፣ የወገብ ሕመም፣ ስንፈተ ወሲብ፡፡ አንድ ወዳጃችን በቅርቡ ከአንድ ሱቅ በማር የተለወሰ ቡናማ ዱቄት ገዝቶ አሳይቶን ነበር፡፡ የሚያድናቸውን በሽታዎች ቆጥረን አሥራ አራት አገኘን፡፡ የትኛው ተክል እንደሆነ፣ ቅጠሉ ይሁን ሥሩ፣ በአንድ ማንኪያ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ግን አንድም ቃል አልተጻፈም፡፡

«ከኬሚካል ነፃ» የሚለው አባባል ራሱ ትርጉም የለውም፡፡ ውኃም፣ ጨውም፣ የግብጦው ምሬትም ኬሚካል ነው፡፡ ተክል በሽታ የሚያድን ከሆነ የሚያድነው ሰውነት ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር ስላለው ነው፤ የሚሠራ ነገር ደግሞ መጠኑ ሲያልፍ መጉዳት ይችላል፡፡ የሚያድንና ፈጽሞ የማይጎዳ መድኃኒት አለኝ የሚል ነጋዴ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ተሳስቷል፡፡

ለዚህ ከኮሶ የተሻለ ምስክር የለም፡፡ ኮሶ በትክክል የሚሠራ የአገራችን መድኃኒት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎጃም ውስጥ እስከ ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ዛፉ ጽፏል፡፡ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኮሶ አበባ ወደ አውሮፓ እየተጫነ በፋርማሲዎች ይሸጥ ነበር፡፡ የደረቀው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ተፈጭቶ፣ ተበጥብጦ ሲጠጣ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ትል ያስወጣል፡፡ በቀድሞው ዘመን እንግዳ መቀበል ያልፈለገ ጌታ አሽከሩን «ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል» ብሎ እንዲመልስ ያዝዘው እንደነበር አረጋውያን ያስታውሳሉ፡፡ ሰበቡ ያስኬድ የነበረው ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጨነቅ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ስለነበር ነው፡፡

ጭንቀቱ ግን ከአንድ ቀን ሊያልፍ ይችላል፡፡ ከመጠን በላይ የተጠጣ ኮሶ የዓይን ነርቭ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ተዘግቧል፡፡ እርጉዝ ሴት ኮሶ እንዳትጠጣ መከልከሉም ከሐኪም የመጣ ምክር አይደለም፤ ባላገሩ ራሱ ያውቀዋል፡፡ አስቸጋሪው ነገር የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ ትኩሱ ከከረመው በኃይሉ ስለሚለያይ «አንድ እፍኝ» ማለት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጠን አለመሆኑ ነው፡፡ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት ክኒኖች ኮሶን ከብዙ ቤት ያስወጡት ከኮሶ በላይ «ዘመናዊ» ስለሆኑ አይደለም፡፡ በእያንዳንዱ ክኒን ውስጥ ያለው መጠን ስለሚታወቅ ነው፡፡

መጠን ብቻ ሳይሆን ማንነትም ያሳስታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ብራስልስ ከተማ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅዋት የተሰጣቸው ወደ መቶ የሚጠጉ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎድቷል፡፡ ምክንያቱ ሲጣራ ከታዘዘው ተክል ይልቅ አሪስቶሎኪያ የተባለ መርዛማ ተክል በስህተት ገብቶ ተገኘ፡፡ የሁለቱ የቻይንኛ ስሞች ተመሳሳይ ነበሩ፡፡ በእኛም አገር አንድ ስም በጎጃምና በሸዋ ለተለያየ ቅጠል፣ አንድ ቅጠልም በየአካባቢው በተለያየ ስም ይጠራል፡፡ ዱቄት ሆኖ በማር ከተለወሰ በኋላ ደግሞ አዋቂውም አይለየውም፡፡

በምግብነቱ የማንጠረጥረው ነጭ ሽንኩርት እንኳ በክኒን መልክ ተከማችቶ ሲወሰድ ሌላ ታሪክ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አነስተኛ ጥናት እንዳሳየው ሳኪናቪር የተባለውን የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከነጭ ሽንኩርት ክኒን ጋር በወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን በግማሽ ያህል ቀንሷል፡፡ ወጥ ውስጥ የገባው ሽንኩርት ይህን ያደርጋል ማለት አይደለም፡፡ ነገር ግን ሐኪሙ «ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?» ሲል «ቅጠል ነው፣ መድኃኒት አይደለም» ብሎ መደበቅ ለምን አደገኛ እንደሆነ ያሳያል፡፡

እስካሁን ያየነው በውስጡ አንድ ነገር ስላለው ምርት ነው፡፡ ምንም የሌለበትስ?

ሆሚዮፓቲ በአገራችን ስሙ እምብዛም የተለመደ አይደለም፤ የሰሙትም ብዙ ጊዜ የዕፅዋት ሕክምና ይመስላቸዋል፡፡ ከባሕር ማዶ በዘመድ ሻንጣ የሚመጡ ትናንሽ ጣፋጭ እንክብሎች ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል ስለሚጻፍ ማምታታቱ አይገርምም፡፡ መሥራቹ ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃኒማን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1790 ለወባ ይሰጥ የነበረውን የሲንኮና ቅርፊት (የኪኒን ምንጭ ነው) ሳይታመም ወስዶ የወባ የመሰለ ስሜት ተሰማው፡፡ ከዚህ ተነስቶ «ጤነኛውን ሰው የሚያሳምም ነገር፣ ተመሳሳይ ሕመም ያለበትን ያድናል» የሚል መርሕ እ.ኤ.አ. በ1796 አሳተመ፡፡ ሁለተኛው መርሕ መድኃኒቱ በውኃ እየቀጠነ፣ እየተናጠ ሲሄድ ኃይሉ ይጨምራል የሚለው ነው፡፡

የተለመደው አቀጣጠን እንዲህ ነው፤ አንድ ጠብታ ከ99 ጠብታ ውኃ ወይም አልኮል ጋር ይናጣል፣ ከዚያ ላይ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና በ99 ይቀጥናል፣ ይህ 30 ጊዜ ይደጋገማል፡፡ ውጤቱ አንድ እጅ መድኃኒት 60 ዜሮዎች ባሉት ቁጥር ተካፍሎ ማለት ነው፡፡ ኬሚስቶች እንደሚያሰሉት ከ12ኛው ዙር ገደማ በኋላ ከመጀመሪያው ንጥረ ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ የመገኘት ዕድሏ ይጠፋል፡፡ በ30ኛው ዙር አንዲት ሞለኪውል ለማግኘት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ምድሮችን የሚያህል ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል፡፡

የጎጃም ባላገር ይህን ፈተና ከሃኒማን በፊት ሠርቶታል፡፡ ግብጦውን ወንዝ ውስጥ ሲነክር ውኃው በተለዋወጠ ቁጥር ምሬቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፡፡ ወንዙም ውኃውን በድንጋይ ላይ እያጋጨ ይንጠዋል፡፡ ሃኒማን ልክ ቢሆን ኖሮ ከግብጦው መንከሪያ በታች ተምጫን የሚጠጣ ሰው ሁሉ ከግብጦ የተቀመመ ኃይለኛ መድኃኒት እየጠጣ ነው ማለት ነበር፡፡

ለሳይንስ ግን ምሳሌ አይበቃምና ሙከራዎቹም ተሠርተዋል፡፡ የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት 61 የጤና ችግሮችን የሚመለከቱ 176 ጥናቶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት ሆሚዮፓቲ እንደሚያድን አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም የጤና ችግር የለም ብሏል፡፡ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2017 ሐኪሞች እንዳያዝዙት መክሯል፤ ፈረንሳይ ከ2021 መጀመሪያ አንስቶ ከጤና መድን ወጪ አስወጥታዋለች፡፡ ከሁሉም ይልቅ እኛን የሚመለከተው የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 የሰጠው ማሳሰቢያ ነው፡፡ ሆሚዮፓቲ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለወባ፣ ለኤች.አይ.ቪ.፣ ለኢንፍሉዌንዛና ለሕፃናት ተቅማጥ እንዳይታመንበት አስጠንቅቋል፡፡

«ምንም ከሌለበት ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል፡፡ አንደኛ፣ በትክክል ያልቀጠነው ይጎዳል፡፡ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት በሚሸጡ የሆሚዮፓቲ እንክብሎች ውስጥ ቤላዶና የተባለው ተክል መርዝ ከተጻፈው በላይና ከክኒን ክኒን በተለያየ መጠን ማግኘቱን አስታውቋል፡፡ ይህ መርዝ በእኛ አገር በየመንገዱ ዳር በሚበቅለው አስተናግር ውስጥ ካለው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፡፡ ሁለተኛው ጉዳት የሚባክነው ጊዜ ነው፤ ወደዚህ እንመለሳለን፡፡

የተጠቀሙት ሰዎች «ተሽሎኛል» ይላሉ፡፡ ዋሽተዋል ማለት አይደለም፡፡ ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም ይነሳል፣ ይበርዳል፡፡ ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣው ሕመሙ ሲብስ ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣው መብረድ ምስጋናው ለተገዛው ነገር ይሄዳል፡፡ ሻጩ ቁጭ አድርጎ ማዳመጡም ራሱ ያሽላል፤ ብዙ የጤና ተቋሞቻችን ይህን ለበሽተኛው ይነፍጉታል፣ ለነጋዴው ገበያ የሚከፍቱትም በከፊል እነሱው ናቸው፡፡ ማስረጃ የሚባለው መድኃኒቱን የወሰዱና መሳዩን የወሰዱ ሰዎች፣ የትኛውን እንደወሰዱ ሳያውቁ ሲነፃፀሩ የሚገኘው ነው፡፡

እዚህ ላይ ለአገር ባህል መድኃኒት ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፡፡ ያልተፈተነ ማለት የማይሠራ ማለት አይደለም፡፡ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ፡፡ ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያን ጥገኛ የሚያስተላልፉ ናቸው፡፡ አክሊሉ እንዶድን አሽጎ «ቢልሃርዚያ ፈዋሽ» ብሎ አልሸጠም፡፡ በየትኛው መጠን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል፣ ሌላውን ፍጥረት ምን እንደሚያደርግ ለዓመታት ከባልደረቦቹ ጋር መረመረ፡፡ ዓለም አቀፍ ተቋማት ውድ የሆነ የመርዛማነት ምርመራ ሲጠይቁ ሥራው ተጓተተ፤ በዚህ መማረሩም ትክክል ነበር፡፡ እሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ፡፡

የኮቪድ ወቅት ትዝታችንም ሩቅ አይደለም፡፡ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከአገር በቀል ዕውቀት የተነሳ መድኃኒት የመጀመሪያ የምርምር ምዕራፍ ማለፉን ሲገልጹ ቀሪው ፍተሻ ገና ነበር፤ በየሰፈሩ የተሰማው ግን «መድኃኒቱ ተገኘ» የሚለው ነው፡፡

የወባ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ገደማ መግደሉ ይገመታል፤ የደረሰውም ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ነበር፡፡ ደምበጫና ብዙው የጎጃም ወይና ደጋ በዚህ ከፍታ ውስጥ ይወድቃል፡፡ ዛሬ ለዋናው የወባ ዓይነት የሚሰጠው ኮአርተም፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቀበለችው፣ መሠረቱ አርቴሚሲያ አኑዋ የተባለ ተክል ነው፡፡ ቱ ዩዩ የተባለችው ቻይናዊት ተመራማሪ ንጥረ ነገሩን ለይታ በማውጣቷ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍላለች፡፡ ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያውስ ቅጠሉን በሻይ ብንጠጣውስ?» የሚለው ጥያቄ የዋህ አይደለም፣ ተገቢ ነው፡፡ መልሱ ግን የግብጦውና የኮሶው መልስ ነው፡፡ በሻይ ውስጥ የሚገባው መጠን ከቅጠል ቅጠል ይለያያል፣ ብዙ ጊዜም በሽታውን ጨርሶ ለማጥፋት አይበቃም፤ ያልጠፋው ጥገኛ ደግሞ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል፡፡ የዓለም የጤና ድርጅትም ቅጠሉን ለወባ መከላከያም ሆነ ማከሚያ አይደግፍም፡፡ በየጓሯችን ያለው አሪቲ የዚች ተክል ዘመድ እንጂ እሷ አይደለም፡፡

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ገበያ ከመግባቱ በፊት ደኅንነቱ፣ ጥራቱና ፈዋሽነቱ ተረጋግጦ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፡፡ ነጋዴው ለተቆጣጣሪ «ምግብ ነው» ለገዢ «መድኃኒት ነው» ሲል ሕጉን ያመልጣል፡፡ እሽጉን የያዘ አንባቢ ግን የተክሉን ሙሉ ስም፣ ክፍሉን፣ መጠኑን፣ በማን ላይ ተፈትኖ ከምን ጋር እንደተነፃፀረ መጠየቅ ይችላል፡፡ ኢንሱሊኑን ወይም የግፊት ክኒኑን «ለጊዜው አቁም» የሚለው ሻጭ ግን ሌላ ጥያቄ ሳይጠየቅ መተው ያለበት ነው፡፡

ትኩሳት ያለበት ሕፃን ጉዳይ ደግሞ ለጥያቄም ጊዜ አይሰጥም፡፡ ከባድ ወባ ሕፃንን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል፡፡ በጤና ኬላ የሚደረገው ፈጣን የወባ ምርመራ ከጣት አንድ ጠብታ ደም ወስዶ ውጤቱን ለማሳየት 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፡፡