ትራክተር ያፈናቀለው
ዶሮቲያ ላንግ (1895–1965)
ቺልድረስ ካውንቲ፣ ቴክሳስ፣ ጁን 1938 እ.ኤ.አ.
ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ

ዐይን መጀመሪያ የሚያርፈው ትልሙ ላይ ነው። ከፎቶው ግርጌ ተነስቶ፣ እየታጠፈ፣ ሰው አልባው ቤት ደጃፍ ድረስ ይዘልቃል። ግቢ የሚባል ነገር አልተረፈም። የጓሮ አትክልት ሊበቅልበት፣ ልጆች ሊጫወቱበት የሚችለው መሬት ሁሉ ታርሷል።

አካባቢው የጥጥ አገር ነው፤ መሬቱን የሚያርሱትም አብዛኞቹ ጢሰኞች ነበሩ። ከ1933 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የወደቀው የጥጥ ዋጋ እንዲያንሰራራ በማሰብ፣ የሚያለሙትን መሬት ለሚቀንሱ ባለርስቶች ገንዘብ ይከፍል ጀመር። ብዙዎቹ በገንዘቡ ትራክተር ገዙ። አንድ ትራክተር የበርካታ ቤተሰቦችን ሥራ ሲሸፍን ጢሰኞቹ ከመሬቱ ተነሱ።

ላንግ በሳን ፍራንሲስኮ ስቱዲዮዋ የባለጸጎችን ምስል ታነሳ ነበር። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ግን ካሜራዋን ይዛ ወደ ጎዳና ወጣች፤ ኋላም ፋርም ሴኩሪቲ አድሚኒስትሬሽን የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ሆና ገጠሩን ዞረች። ይበልጥ የምትታወቀው በሰው ፊት ነው፤ ችግርን ከግንባር ሽብሽብ ላይ ታነባለች። እዚህ ግን አንድም ሰው የለም፣ ትራክተሩም አይታይም። የገበሬን ኑሮ የሚያሳይ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ አራሹን ያሳየናል፤ ይህኛው እርሻውን ብቻ ነው የሚያሳየን፣ ኃይሉም ከዚያ ይመነጫል። ትልሙ ደግሞ ያምራል። ቤቱን ኦና ያደረገው ሥራ ይህን ያህል ማማሩ ተመልካቹን እረፍት ይነሳል፤ ላንግም ውበቱን ለማደብዘዝ አልሞከረችም።

ፎቶው ለመንግሥት ሥራ የተነሳ በመሆኑ የሕዝብ ንብረት ነው። ኔጋቲቩ በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።