የሦስት ወር ቅድሚያ

መቼም አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው «ሦስት ወር ቅድሚያ» የምትባለዋን ነገር አያጣትም። ደላላው ከፊት ከፊት እየሄደ በሩን ያሳያችኋል፤ ውሃው በፈረቃ እንደሚመጣ፣ መጸዳጃው የጋራ እንደሆነ ይነግራችኋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሦስት ወር ቅድሚያ ነው፤ እሷ ላይ ድርድር የለም» ይላል። ትከፍላላችሁ። ብሩ ምን ተብሎ እንደሚከፈል ግን ማንም አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም።

ጊዜው 1995 ዓ.ም. ነው። ተክለ ሃይማኖት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል በወር 200 ብር ተከራየሁ። 600 ብር ቆጥሬ ለባለቤቲቱ ሰጠሁ። ጓደኞቼ ፍራሼን ተሸክመው ሲገቡ «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ፤ እትዬም በደስታ «እንቦሳ እሰሩ!» ብለው መለሱ። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ኪራዩን በየወሩ መጨረሻ እከፍል ነበር፤ ስድስት መቶዋ ግን እዚያው እሳቸው ዘንድ ተቀመጠች።

በሁለተኛው ዓመት የምሠራበት ቦታ ደመወዝ መክፈል አቃተው። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። አራት መቶ ብር ዕዳ ተቆለለብኝ። አንድ ቀን ማታ እትዬ በሩን አንኳኩና «ልጄ፣ ቤቱን ልቀቅልኝ» አሉኝ።

«እሺ፣ እለቃለሁ። እርስዎ ዘንድ ስድስት መቶ ብር አለኝ፤ አራት መቶውን ይውሰዱና ሁለት መቶውን ይመልሱልኝ» አልኩ።

«የቱን ስድስት መቶ? ያ እኮ የቤቱ ነው እንጂ ያንተ አይደለም!»

የቤቱ! እንግዲህ ቤቱ ኪስ የለው፣ ቦርሳ የለው። ስንጨቃጨቅ ጊዜ ጎረቤቶች ወጡ። አንዱ ለረጅም ዘመን ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ሲጽፉ የኖሩ አዛውንት ነበሩ። ሁለታችንንም አስቀመጡና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ብሩን ስትሰጣቸው ምን ብለህ ነው የሰጠሃቸው?»

መልስ አልነበረኝም። ሽማግሌው ፈገግ ብለው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» አሉና ነገሩን አስረዱን። ያን ቀን የሰማሁትን ኋላ ሕጉን ራሱን ሳገላብጥ አገኘሁት።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ይህ ሕግ ቀብድን በሚገባ ያውቀዋል። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 ደግሞ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። እትዬ «የቤቱ ነው» ሲሉ በልባቸው የያዙት ይህን የቀብድ ልማድ ይመስለኛል፤ አንዴ ከሰጪው እጅ የወጣ ብር አይመለስም የሚለውን። ነገር ግን ቀብድ የሚወረሰው ውል ሲፈርስ እንጂ ውሉ ተፈጽሞ ሰው ዓመት ተኩል ከኖረበት በኋላ አይደለም። ውሉ ከተፈጸመማ ቁጥር 1884 እንደሚለው ቀብዱ ይመለሳል፣ ወይም ከሚፈለገው ሒሳብ ላይ ይታሰባል።

ስለዚህ በአንድ ስም የምንጠራው ብር ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አንደኛው ቀብድ ነው። ሁለተኛው በትክክል ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ይኸውም ገና ያልኖርንባቸው ወራት ኪራይ ነው፤ ወራቱ ሲያልቁ ብሩም አብሮ ያልቃል። ሦስተኛው ማስያዣ ነው፤ አከራዩ ለጉዳትና ለውዝፍ መተማመኛ ብሎ የሚይዘው፣ ባለቤቱ ግን ተከራዩ የሆነ ገንዘብ። የእኔ ስድስት መቶ በየወሩ እየከፈልኩ ሳትነካ የቆየች ስለሆነች ማስያዣ ነበረች።

ማስያዣ ከሆነስ ዕዳ ያለበት ሰው ምን መብት አለው? እዚህ ላይ የሚመጣው ከቁጥር 1831 ጀምሮ ያለው የዕዳ መቻቻል ነው። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላው ባለዕዳ ሲሆኑ ዕዳዎቹ ይቻቻላሉ፤ ትንሹ ከትልቁ ተቀንሶ ልዩነቱ ብቻ ይቀራል። ታዲያ ሕጉ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሁለቱም ዕዳዎች መጠናቸው የታወቀና የመክፈያ ጊዜያቸው የደረሰ መሆን አለባቸው። ይህቺ ቅድመ ሁኔታ ሁለቱንም ወገን ትቆነጥጣለች። ተከራዩ ገና ቤቱ ውስጥ እየኖረ «ከማስያዣው ቁረጥ» ብሎ ኪራይ ማቆም አይችልም፤ ማስያዣው የሚመለስበት ጊዜ አልደረሰምና። አከራዩም ቁልፉን ተረክቦ ሲያበቃ ለአራት መቶ ብር ዕዳ ስድስት መቶ ብር መዋጥ አይችልም። መቅጫ ተብሎ አስቀድሞ ካልተዋዋሉ በቀር ዕዳ ከልኩ አያልፍም።

ሽማግሌው በዚሁ ፈረዱ። እትዬ ግን ወዲያው አልተቀበሉም። ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ «እናንተ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝን አታውቁም» አሉ። ያን ጊዜ ነው የእሳቸው ወገን የሆነ ታሪክ እንዳለ የገባኝ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፤ ትርፉ ተወረሰ፤ የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ቀረ ተባለ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለብዙ ድሃ ተከራይ ያ ቀን እፎይታ ነበር። ለእትዬ ደግሞ ከአባታቸው የወረሷቸው አምስት ክፍሎች የሄዱበት ቀን ነው። ትናንት ኪራይ ያመጣላቸው የነበረ ሰው በማግስቱ የቀበሌ ተከራይ ሆኖ ሰላምታ ብቻ ሰጣቸው።

ከዚያ በኋላ ኪራይ ከከተማው ጠፋ ማለት አይደለም። ስሙን ቀየረ እንጂ። «ደባል» መጣ፤ በቀበሌ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ማስጠጋት። እዚሁ ተክለ ሃይማኖትና መርካቶ አካባቢ ለንግድ ቤት «ቁልፍ» የሚባል ክፍያ መጣ፤ ቤቱ የመንግሥት ሆኖ ሳለ ቁልፉ ከሰው ወደ ሰው በብዙ ብር የሚተላለፍበት። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የማይሰፍር፣ ቢሰፍርም እውነተኛው ዋጋ የማይጻፍበት ገበያ ነው። በእኔ ግምት በእጅ የገባ ብር ብቻ ነው ዋስትና የሚለው እምነት ሥር የሰደደው በእነዚህ ዓመታት ነው። ሕግ ቤታቸውን የወሰደባቸው ሴት ሕግ ጠቅሶ ሁለት መቶ ብር የሚጠይቃቸውን ወጣት እንዴት ይመኑት?

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ነገሩ ለዘበ። የተሰበረ የመስኮት መስታወት ነበር፤ ለእሱ አርባ ብር ተያዘ። እትዬ መቀነታቸውን ፈትተው 160 ብር ቆጠሩልኝ። ሳመሰግናቸው «ሂድ፣ እግዜር ሥራ ይስጥህ» አሉኝ።

ዘመኑ ብዙ ተለውጧል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ጸደቀ። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዘዘ። ያቺ የታወቀችውንም «ሦስት ወር» ቆረጣት፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ብሩ አሁንም የሚቀመጠው አከራዩ ዘንድ ነው፤ ክርክር ቢነሳ መጀመሪያ የያዘው ሰው እንደልቡ ነው።

ሌላ አገር ይህችን ቀዳዳ ለመድፈን ሞክረዋል። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ማስያዣ የተቀበለ አከራይ ብሩን በመንግሥት በጸደቀ የጥበቃ ሥርዓት ውስጥ የማስገባት ግዴታ አለበት። ያን ካላደረገ ፍርድ ቤት ከማስያዣው ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ ለተከራዩ እንዲከፍል ሊያዘው ይችላል። ልብ በሉ፣ አከራዩ ተቀጣ ማለት የተከራዩ ውዝፍ ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ዕዳዎች ይተሳሰባሉ። የእኛ ሽማግሌ ያለ ምንም መሥሪያ ቤት፣ በዱካ ላይ ተቀምጠው ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ዛሬ እኔም በተራዬ አከራይ ሆኛለሁ። ባለፈው ዓመት ተከራዬ አንድ ወር አሳለፈብኝ። ልቤ ወዲያው የሄደው በእጄ ወዳለው የሁለት ወር ብር ነው፤ «ምን አባቱ፣ ይቅርበት» የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። አይገርማችሁም? በስንት ዓመቱ የእትዬ ድምፅ ከእኔ ጉሮሮ ሊወጣ ነበር።

ውሉን አውጥቼ አየሁት። ከኪራዩ መጠን በታች በእጄ የጻፍኳት መስመር አለች፤ ብሩ ማስያዣ መሆኑን፣ ቤቱ በተለቀቀ ቀን ውዝፍና ጉዳት ተቀንሶ ቀሪው እንደሚመለስ ትናገራለች። ልጁ በተከታዩ ወር ዕዳውን ከፈለ። ባይከፍልም ኖሮ የምንከራከረው ስለ አንድ ወር ኪራይ ብቻ ይሆን ነበር።

ቤት የምትከራዩም የምታከራዩም፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት የሽማግሌውን ጥያቄ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። መልሱንም ጻፉት።