የትኛው ዜማ ቀደመ?

አንድ የሙዚቃ ጓድ ዕድሜው ከገፋና ከመድረክ ከራቀ በኋላ ስለ እርሱ የሚቀረው ነገር ብዙውን ጊዜ ክርክር ነው። የቀድሞ አድማጮች በተገናኙ ቁጥር «በዚያ ዓመት ወደዚህ ከተማ መጥቶ ነበር፤» «የለም፥ አልመጣም፤» «መጋረጃው ሲከፈት የተጫወተው ይህን ዜማ ነው፤» «እርሱማ የመዝጊያው ነበር» እየተባባሉ ይሟገታሉ። ነገሩን ከውጭ ለሚመለከት ሰው ክርክሩ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ይመስላል። ሆኖም ጓዱ ወዴት ተጓዘ፥ እነማንን ይዞ ሄደ፥ ምን አስቀድሞ ምን አስከተለ የሚሉት ጥያቄዎች የዘመኑን መንግሥት፥ የዘመኑን ገበያና የዘመኑን ስሜት የሚያስረዱ የታሪክ ጥያቄዎች ናቸው። የአድማጭ ክርክር ምን ያህል ምስክርነት እንደሚሆንና በየት በኩል እንደሚጎድል ከጎጃም ደጋ ተነሥቶ መመርመር ይቻላል።

ጎጃም ለእንዲህ ዓይነቱ ሙግት እንግዳ አይደለም። ዋሸራ፥ ጎንጅ፥ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስማቸው የታወቀ ነው። ቅኔ ለዕለቱ በዓል አዲስ ሆኖ ይቀርባል እንጂ ትናንት የተሰማው ዛሬ አይደገምም። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃናም ሆነ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ከባለ ቅኔው አንደበት አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ የሚኖረው በሰሚው ልቡና ነው። ስለሆነም ቅኔው የማን እንደ ሆነ፥ በየትኛው ደብርና በየትኛው በዓል እንደ ተባለ መከራከር የትምህርቱ አንድ ክፍል ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ይህ ክርክር ዳኛ አለው። ቅኔ የቤት ቁጥርና የዜማ ልክ ስላለው አንድ ቃል ያጎደለ ወይም የጨመረ ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። የአንድ ምሽት የዘፈን ተራ ግን እንዲህ ያለ ልክ የለውም። ከዐሥር ዘፈን ሦስቱ ከተረሱ የቀሩት ሰባቱ ሙሉ መስለው ይታያሉ፤ የጎደለውን የሚያጋልጥ ምንም ነገር የለም።

የአዝማሪውም ልማድ ሌላ ነው። መሰንቆውን ይዞ ከሠርግ ወደ ሠርግ፥ ከጠጅ ቤት ወደ ጠጅ ቤት የሚዘዋወረው አዝማሪ አስቀድሞ የተወሰነ ተራ አይዝም። ባለቤቱን ያወድሳል፥ እንግዳውን ይነካካል፥ ከአድማጩ ግጥም እየተቀበለ ያዜማል። በዚህ ሁኔታ የምሽቱ ዝርዝር የዘፋኙ ብቻ ሳይሆን የአድማጩም ሥራ ነው። አንድ ሰው «ያን ማታ ይህ ተዘፍኖ ነበር» ብሎ ሲሟገት አንዳንዴ ስለ ራሱ ግጥም መሟገቱ ይሆናል።

የተደራጁ የቲያትርና የሙዚቃ ክፍሎች ከመጡ ወዲህ ግን ተራው አስቀድሞ የሚዘጋጅ፥ በኃላፊ የሚታይና በወረቀት የሚሰፍር ሆነ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በፋሺስት ወረራ ዋዜማ ሲመሠረት ዓላማው ሕዝቡን በንግግርና በመዝሙር መቀስቀስ ነበር። ከነጻነት በኋላ የተስፋፉት የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎችም ከፍቅር ዘፈኑ ጋር የመንግሥትን በዓል የሚያደምቅ ሥራ ያቀርቡ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ አሠራሩ ወደ ክፍለ ሀገር፥ ወደ አውራጃና ወደ ቀበሌ ወረደ። የጎንደር የኪነት ቡድን ፋሲለደስ፥ የወሎው ላሊበላ ሲባሉ፥ ዋና ከተማው ደብረ ማርቆስ በነበረው በጎጃም ክፍለ ሀገር የተቋቋመው ቡድን ስሙን በሰከላ ከሚፈልቀው የዓባይ ምንጭ ወስዶ ግሽ ዓባይ ተባለ።

በኪነት መድረክ ሁለት ዓይነት ሥራ ጎን ለጎን ይቀርብ ነበር። አንደኛው የአብዮቱ መዝሙርና መፈክር ነው፤ ሁለተኛው እስክስታው፥ የመሰንቆውና የዋሽንቱ ዜማ፥ የሠርጉና የአዝመራው ዘፈን ነው። የዛሬው ክርክር ከዚህ ይነሣል። አንዱ ወገን ኪነት የደርግ መቀስቀሻ ብቻ እንደ ነበር ሲናገር ሌላው የገጠሩን ዜማ ከጥፋት ያዳነና ለብዙ ወጣት ድምፃውያን በር የከፈተ እንደ ነበር ይመሰክራል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ሁለቱም ግን የዝርዝሩን ግማሽ ትተዋል። ሰው በውድ የሰማውን ዘፈን ያስታውሳል፥ በግድ ያጨበጨበለትን ይረሳል፤ ወይም ቂም የያዘ እንደ ሆነ በግድ ያጨበጨበለትን ብቻ ያስታውሳል። የአንድ ምሽት የዜማ ተራ ሳይቆረጥ ቢገኝ ግን መፈክሩና እስክስታው በአንድ መድረክ፥ በአንድ ልብስ፥ በአንድ ሰዎች አንደበት ተከታትለው ይታያሉ። የዘመኑም ትክክለኛ መልክ ይኸው ነው።

ዓባይን ተሻግረው ወደ ውጭ አገር በተጓዙት ጓዶች ላይ ደግሞ ጥያቄው ይሰፋል። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በትውልድ ግብጻዊ በሆነው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ክራር፥ መሰንቆ፥ ዋሽንት፥ በገና፥ እምቢልታና ከበሮ ቀድሞ በየፊናቸው ይሰሙ የነበሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ኦርኬስትራው ግን በአንድ መድረክ አሰለፋቸው። ይህ ራሱ «ባህል ነው ወይስ ፈጠራ?» የሚል ክርክር የሚያስነሣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አመራሩን የያዙት ተስፋዬ ለማ ነበሩ። መሰንቆ ከጌታመሳይ አበበ የተማረው አሜሪካዊው የሰላም ጓድ አባል ቻርልስ ሳተን ባደረገው ጥረትም የኦርኬስትራው አባላት እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዚያ ጉዞ የተጠሩበት ስም በዓባይ ስም «ብሉ ናይል» የሚል ነበር፤ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ቀረቡ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የትኛው ዜማ ተመረጠ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ለማን ተመረጠ የሚለውም ነው። ለቴሌቪዥን የሚሰጠው ጊዜ የደቂቃዎች ነገር ሲሆን የገጠር ሠርግ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል። ቋንቋውን ለማያውቅ ተመልካች የግጥሙ ሰምና ወርቅ አይደርሰውም፤ የሚደርሰው ድምፁና እንቅስቃሴው ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ የሄደ ዝርዝር አገሩን የሚያሳየው በከፊል ነው፤ በሌላው ወገን የሚያሳየው ተቀባዩ ከአገሩ ምን ይጠብቅ እንደ ነበረ ነው። ሳተን፥ ጌታመሳይ አበበ፥ መላኩ ገላውና ተስፋዬ ለማ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ገና ተገናኝተው ያዘጋጁት ሥራ «ዞሮ ገጠም» መባሉ አንድ የጉዞ ትዝታ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ያመለክታል።

የዋልያስ ባንድ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተ ጓድ ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለ ነበረ ወደ ሆቴል የገባ ታዳሚ እስኪነጋ ይቆይ ነበር፤ ባንዱም ሌሊቱን የሚሸፍን ዜማ፥ የአገር ውስጡንም የውጭውንም፥ መያዝ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ የዚያን ሁሉ ሌሊት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይዟል። በውስጡ ያለው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» በኋላ ዘመን በብዙ አገር ታውቋል። ሸክላው እ.ኤ.አ. በ2014 እንደ ገና ሲታተም በኢትዮጵያም በባሕር ማዶም አዲስ አድማጭ አገኘ። ይህ አዲስ አድማጭ ዋልያስን የሚያውቀው በሸክላው ተራ ነው፤ የሒልተን ታዳሚ ደግሞ በሌሊቱ ተራ ያውቀዋል። ሁለቱ ቢገናኙ ስለ አንድ ባንድ እየተናገሩ ስለ ሁለት ባንዶች የሚናገሩ ይመስላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያልቅ ከአባላቱ ኃይሉ መርጊያ፥ ግርማ በየነ፥ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ የቀሩት ወደ አገር ተመለሱ። ኃይሉ መርጊያ በዋሺንግተን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እንደ ገና ሲታተሙ ወደ መድረክ ተመልሰዋል። እንግዲህ በ1981ዱ ጉዞ የመጨረሻ ምሽቶች ምን ተጫወቱ ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ በከንቱ አይጠይቅም። የአንድ ጓድ አባላት አብረው ከቆሙባቸው የመጨረሻ መድረኮች ስለ አንዱ መጠየቁ ነው። ከ1980 ዓ.ም. ጋር የሚያያዘው «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጉዞም በረሃብ ጊዜ ለረዱ አገሮች ምስጋና ለማቅረብ የተዘጋጀ ነበር፤ ከጉዞው ጋር የወጡት ተስፋዬ ለማ ግን በዚያው በአሜሪካ ቀርተው እ.ኤ.አ. በ2013 አረፉ። በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ የጉዞ ዝርዝርና የስደት ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ የሚገናኙበት ጊዜ አለ።

በሌላው ዓለም ተመሳሳይ ክርክር እንዴት እንደሚዳኝ ማየት ይጠቅማል። በኃይለኛ ጊታርና ከበሮ የሚታወቀው ሄቪ ሜታል የተባለው ሙዚቃ አድማጮች የጓዶቻቸውን እያንዳንዱን ምሽት በቀንና በከተማ ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 በለንደን የተመሠረተው አይረን ሜይደን በነሐሴ 1984 ከፖላንድ የጀመረውን ታላቅ ጉዞ በ1985 ሲፈጽም የቆመባቸው መድረኮች ከ180 በላይ ነበሩ። ከዚያ ጉዞ የተገኘው እውቅ አልበም እንደ አንድ ምሽት ይሰማል፤ የተቀዳው ግን ከፊሉ በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች፥ ከፊሉ በለንደን ነው። አድማጮቹ ይህን ለይተው የሚናገሩት ከእኛ አገር አድማጭ የበለጠ ትዝታ ስላላቸው አይደለም። ቲኬቱ፥ የማስታወቂያው ወረቀትና በታዳሚ የተቀዳው ካሴት ስለ ተቀመጠላቸው ነው። በእነርሱ ዘንድ ወረቀቱ የቅኔውን ልክ ተክቶ ይዳኛል።

በደብረ ማርቆስ፥ በደጀን፥ በቢቸና፥ በሞጣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያረጀ ካሴት፥ የትምህርት ቤት በዓል ፕሮግራም፥ የኪነት ቡድን ፎቶግራፍ ቢገኝ የሚጣል ዕቃ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ለመምህሩ፥ ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት ሠራተኛው ሥራው ከባድ አይደለም፤ ቀኑን፥ ቦታውን፥ የተጫዋቾቹን ስምና የዜማዎቹን ተራ ከካሴቱ ወይም ከፎቶግራፉ ጋር አያይዞ ማኖር ነው። ወረቀት ባልተገኘበት ቦታ ደግሞ የአድማጮቹን ክርክር ከነልዩነቱ መመዝገብ ይበጃል። አንዱን ትክክል ሌላውን ስሕተት ብሎ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ማን ምን እንደሚያስታውስ ማወቅ ራሱ ታሪክ ነውና። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለመጽሐፍ ሊቃውንት ብቻ አይደለም። መፈክሩንም እስክስታውንም በአንድ መድረክ የሰሙት ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ዝርዝሩን ሙሉ አድርጎ ለመጻፍ የቀረው ጊዜ እነርሱ የሚቆዩበት ጊዜ ብቻ ነው።