መደብሩና ግድግዳው፤ ስለ አዲስ አበባ የኅብረት ሱቆች አነሣሥና አወዳደቅ የቀረበ የሕዝብ ንግግር



የታሪክ ትምህርታችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ዘመቻና ስለ መሬት ስሪት ብዙ ጽፏል። ስኳር በዚህ ከተማ ማን ለማን በምን ያህል ይሸጥ እንደ ነበር ግን እምብዛም አልጻፍንም። ዛሬ የምናገረው ስለ ሱቅ ነው። በተለይም በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ቀበሌዎች ሁሉ ተዘርግቶ ስለ ነበረው፣ ኅብረት ሱቅ ስለምንለው የንግድ መረብ ነው። ስለ መጨረሻው ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ደርግ ወደቀ፣ ሱቁም አብሮ ወደቀ» የሚል ነው። ይህ መልስ ትክክል አይመስለኝም። ለምን እንዳልመሰለኝ ለማስረዳት፣ መንግሥት ሳይወድቅ መደብር ከወደቀበት አገር፣ ከጀርመን እንድነሣ ይፈቀድልኝ።

ሩዶልፍ ካርሽታት እ.ኤ.አ. በ1881 በቪስማር ከተማ የጨርቃጨርቅ ሱቅ ሲከፍት ያመጣው አዲስ ነገር ቀላል ነበር፤ ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ክፍያው በእጅ ነው። ክርክር የለም፣ ዱቤ የለም። በዚያው ዘመን የቲትስ ቤተሰብ ሰዎች በሽትራልዙንድና በጌራ ተመሳሳይ ሱቆች ከፈቱ፤ ከእነዚህ በኋላ ካውፍሆፍና ሄርቲ የተባሉት ታላላቅ መደብሮች ወጡ። የቲትስ ቤተሰብ አይሁድ ስለ ነበሩ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ናዚዎች በያዙት ሥልጣንና ባንኮች ባደረጉት ግፊት ድርጅቶቻቸውን ተነጠቁ። ከጦርነቱ በኋላ መደብሮቹ በምዕራብ ጀርመን የብልጽግና ምልክት ሆኑ። ከዚያ ገበያተኛው ቀስ በቀስ ከከተማ ዳር ወዳሉ ሰፋፊ ገበያዎችና ወደ ልዩ ልዩ የልብስ መደብሮች፣ በመጨረሻም ወደ ኢንተርኔት ሸሸ።

ይህ የታወቀ ነው። ትኩረት የሚሻው ሌላው ነገር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 አብዛኛውን ሕንጻውን በ4.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሸጦ፣ እነዚያኑ ሕንጻዎች መልሶ ተከራየ። ዕዳውን ለጊዜው አቃለለ፤ ነገር ግን ትናንት በራሱ ግድግዳ ውስጥ ይነግድ የነበረው መደብር በማግሥቱ ጭሰኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009 ባለቤቱ አርካንዶር ክፍያ አቃተኝ ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። ካርሽታት በ2010 ለአንድ ባለሀብት በ1 ዩሮ ተላለፈ፤ በ2014 ደግሞ በዚያው በ1 ዩሮ የአውስትሪያው የሕንጻ ነጋዴ ሬነ ቤንኮ ወሰደው። በኋላ ከካውፍሆፍ ጋር ተዋሕዶ ጋለሪያ የተባለው ድርጅት በ2020፣ በ2022 እና በ2024 ሦስት ጊዜ ለኪሳራ ሥርዐት ቀረበ፤ መንግሥትም 680 ሚሊዮን ዩሮ ድጋፍ ሰጥቶት ነበር። በ1 ዩሮ የተሸጠ መደብር ምን ዋጋ አለው? የቤንኮ ዓይን በሱቁ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በመሐል ከተማ ባለው ቦታና ሕንጻ ላይ ነበር። መደብሩ ከመሸጥ በሌላ ነገር ላይ ቆሞ መኖር ጀመረ፤ ያ ሌላ ነገር ሲናወጥም ሱቁ አብሮ ተናወጠ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ጠመንጃ ያዥ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ጠመንጃ ይሸከሙ የነበሩ ባለሟሎችን የሚያስታውስ ሰፈር ነው፤ እንደ ሠራተኛ ሰፈር ሁሉ የአዲስ አበባ መንደሮች በሥራና በሹመት ይሰየሙ በነበረበት ዘመን የተሰጠ ስም ነው። በዚያ ዘመን የከተማዋ ገበያ አራዳ ነበር። ከውጭ የመጣ ሸቀጥ በብዛት የሚያስመጡት ከሕንድ፣ ከአርመን፣ ከግሪክና ከዐረብ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ከሁሉም የገነነው መሐመድ አሊ እየተባለ የሚጠራው የሕንዶች ድርጅት ነው። ፋሺስቶች አገሪቱን በያዙ ማግሥት፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ይህን ድርጅት ዘግተው ባለቤቶቹን አባረሩ፤ ጉዳዩ እስከ እንግሊዝ ምክር ቤት ደርሶ ጥያቄ ተነሥቶበታል። ቲትሶች በበርሊን ከተነጠቁ አራት ዓመት ብቻ ነበር የተቈጠረው። ንጽጽሩ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ በሁለት የተለያዩ አገሮች፣ በአንድ ዓይነት ርእዮት፣ ነጋዴው ከሱቁ ወጣ። ጣሊያኖች ገበያውንም ከአራዳ ነቅለው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወሩት።

ከድል በኋላ መቀመጫው ኤደን የነበረው የፈረንሳዊው አንቶናን ቤስ ኩባንያ በአገራችን ከገነኑት የንግድ ቤቶች አንዱ ሆነ። አብዮቱ ሲመጣ ይህም ተወረሰ። ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ፣ ሌሎች 29 ደግሞ በአብላጫ ድርሻ የመንግሥት ሆኑ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። በአዋጁ መሠረት የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነ ቤት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገባ፤ ዝቅተኛ ኪራይም እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ጥንቃቄ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ጀርመኖች በ2006 በውል ያደረጉትን እኛ በአዋጅ አደረግነው። መደብሩና ግድግዳው ተለያዩ። ልዩነቱ በጀርመን ኪራዩ ከበደ፣ በእኛ ኪራዩ ቀለለ።

ይህ ርካሽ ግድግዳ ነው ኅብረት ሱቁን የወለደው። ቀበሌዎች በአዋጅ ቁጥር 104/1969 ሲጠናከሩ የሸማቾች ሱቆችን የማቋቋም ሥልጣን ያዙ። በአዲስ አበባ ወደ 300 የሚጠጉ ቀበሌዎች ነበሩ፤ እንደ ጠመንጃ ያዥ ባሉ ሰፈሮችም ኅብረት ሱቁ ብዙ ጊዜ ከተወረሰ ቤት በአንዱ ክፍል ይቀመጣል። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ክብሪትና አቡጀዲ የሚያቀርበው የመንግሥት አከፋፋይ ኮርፖሬሽን ነው፤ እህሉን የሚያቀርበው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነው። የቤተሰቡ ብዛት በደብተር ተመዝግቧል፤ ባለሱቁ ሚዛኑን ሲያነሣ ደብተሩ ላይ ይፈርማል። ወረፋው በሌሊት ይጀምራል፤ ሰው የማይቆምበት ሰዓት ላይ ድንጋይና ቅርጫት የባለቤታቸውን ተራ ይጠብቃሉ። በወረፋው ጎረቤት ከጎረቤት ይተዋወቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ስለ ሱቁ የሚነገሩ ትዝታዎች ሁሉ መራራ ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ያንን ትውልድ አላዳመጠም።

እንዲህ ያለው ሱቅ ገንዘብ የሚያገኘው ከሽያጭ አልነበረም። ዋጋ የሚሰጠው በመንግሥት ተመን እና በጥቁር ገበያ ዋጋ መካከል ያለው ርቀት ነበር። ብሩ በይፋ 1 የአሜሪካ ዶላር በ2.07 ብር ተቈልፎ ነበር፤ ገበሬውም ለእርሻ ሰብል ድርጅት ኮታ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል። ያ ልዩነት ነው ደብተሩን ንብረት ያደረገው። ደብተር ያለው ስኳሩን በተመን ዋጋ ያገኛል፤ የተረፈውን አየር ባየር የሚያዞረውም አልታጣ። ኅብረት ሱቁ ስለዚህ የሸቀጥ መደብር ብቻ አልነበረም፤ ባለሱቁ የመብት አከፋፋይ ነበር። ካርሽታት በስተመጨረሻው ለቦታው ሲፈለግ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ይህም የተፈለገው ለልዩነቱ ነበር።

ስለሆነም ሱቁ የሞተው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ አይደለም። ደርግ ራሱ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጆ የእህል ኮታውን ሲያነሣ አንድ እግሩ ተቈረጠ። በ1985 ዓ.ም. መስከረም ወር ላይ ብሩ ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲወርድ ሁለተኛው ተቈረጠ። ልዩነቱ ከጠፋ ወረፋው ለምን ይቆማል? ጥቂት ሱቆች ቀጥለው፣ በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ስም እንደገና ተደራጁ። የመንግሥት አከፋፋይ ድርጅቶችም በተለያየ ስም እየተዋቀሩ ጅንአድ እስከምንለው ድርጅት ደረሱ። እዚህ ላይ ረዥም አልናገርም፤ የስም ለውጡ ከሥራው ለውጥ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በ2003 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ሲያሠጋ መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አኖረ፤ ብዙ ወራት ሳይቆይ በአብዛኛው አነሣው። በ2006 ዓ.ም. አለ በጅምላ ተከፈተ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጅንአድ፣ የእህል ንግድ ድርጅትና ኢትፍሩት የኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን በተባለ አንድ ጥላ ሥር ተዋሐዱ። ውህደቱ በጋለሪያ እንደ ተደረገው በስሌት የቀረበ ነው፤ ሁለት ሦስት የተዳከሙ ድርጅቶች ቢደመሩ አንድ ጠንካራ ይሆናሉ የሚል። እኔ በዚህ ስሌት አላምንም፤ የካርሽታትና የካውፍሆፍ ጋብቻ ያሳየንም ይህንኑ ነው። ደግሞም አለ በጅምላ የተቋቋመው ዋጋ ለማረጋጋት ነው፤ ማለትም እንደገና ከመሸጥ በሌላ ነገር ላይ እንዲቆም ተደርጎ።

ግድግዳውስ? ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ለዐሥርት ዓመታት ብዙም ሳይነካ የቆየው የመንግሥት ንግድ ቤት ኪራይ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ከተቋቋመ በኋላ ተሻሻለ፤ ተከራይ ነጋዴዎች ቅሬታ አሰሙ፣ ጭማሪውም በየደረጃው እንዲተገበር ተደረገ። ልደታ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ የመሐል ከተማ መልሶ ማልማት ከተጀመረባቸው አካባቢዎች የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። የቀበሌ ቤቶቹ ሲፈርሱ በነዋሪው ደብተር ላይ ተመዝግቦ የነበረው ኑሮ ተበተነ። በቦታቸው በቆሙት የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ምድር ቤት ያሉት የንግድ ክፍሎች የሚሸጡት በጨረታ ነው፤ ካሬ ሜትሩን ከፍ አድርጎ የሰጠ ሱቁን ይወስዳል። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ክፍት ተደረገ። በጨረታው ያሸነፈው ሰው የከፈለውን የካሬ ሜትር ዋጋ በስኳር ኪሎ ውስጥ ማስገባቱ አይቀርም፤ ኪራዩን በግማሽ የቀነሰው አዋጅ ደግሞ ለእርሱ አይሠራም።