ጋሊሊዮ መንኩራኩር በጁፒተር ከባቢ አየር ውስጥ እንድትጠፋ የተወሰነበት ምክንያት

የአሜሪካ ብሔራዊ የበረራና የጠፈር አስተዳደር (ናሳ) ያመጠቃት ጋሊሊዮ የተሰኘችው የጠፈር መንኩራኩር እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2003 (መስከረም 10 ቀን 1996 ዓ.ም) ወደ ጁፒተር ከባቢ አየር ገብታ በመቃጠል የ14 ዓመታት አገልግሎቷን ፈጽማለች። ፍጻሜዋ በአደጋ የደረሰ ሳይሆን ባለሙያዎች አስቀድመው አስበውበትና አስልተው የወሰኑት ነበር። ለውሳኔው መነሻ የሆነው ደግሞ መንኩራኩሯ ራሷ ያስገኘችው ግኝት ነው።

ጋሊሊዮ ስያሜዋን ያገኘችው እ.ኤ.አ በ1610 አራቱን ታላላቅ የጁፒተር ጨረቃዎች በቴሌስኮፕ ከተመለከተው ጣሊያናዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ ኦክቶበር 18 ቀን 1989 አትላንቲስ በተባለችው የጠፈር መመላለሻ ተጭና ከምድር ተነሳች። ጁፒተር ዘንድ የደረሰችው ከስድስት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 7 ቀን 1995 ነበር።

ጉዞው እንከን አላጣውም። እንደ ጃንጥላ እንዲዘረጋ ተደርጎ የተሠራው 4.8 ሜትር ስፋት ያለው ዋናው አንቴና እ.ኤ.አ በኤፕሪል 1991 እንዲከፈት ትእዛዝ ቢተላለፍለትም ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ቀረ። በሰከንድ እስከ 134 ሺህ ቢት መረጃ ይልካል ተብሎ ሲጠበቅ ሥራው ሁሉ በአነስተኛው አንቴና ላይ ወደቀ። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው የኮምፒውተር ፕሮግራሟን በመለወጥና መረጃውን በማመቅ ፍጥነቱን እስከ 160 ቢት ማድረስ ችለዋል። ይህ በዘመኑ በየቢሮው ከነበረው የስልክ ሞደም እንኳ እጅግ ያነሰ ፍጥነት ነው። ያም ሆኖ 14 ሺህ ያህል ፎቶግራፎች በዚሁ ጠባብ መንገድ ወደ ምድር ደርሰዋል።

ከግኝቶቹ ሁሉ የላቀ ግምት የተሰጠው ዩሮፓን የሚመለከተው ነው። ዩሮፓ ከምድር ጨረቃ በመጠኑ የምታንስ፣ ገጽታዋ በበረዶ የተሸፈነና በስንጥቆች የተሞላ የጁፒተር ጨረቃ ናት። የመንኩራኩሯ የመግነጢስ መለኪያ መሣሪያ በዩሮፓ ዙሪያ የመዘገበው ለውጥ፣ ከበረዶው ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር መኖሩን አመለከተ። ለዚህም ተስማሚ ማብራሪያ ሆኖ የተገኘው ጨዋማ ውቅያኖስ ነው። የውኃው መጠን በምድር ውቅያኖሶች ካለው በእጥፍ ሊበልጥ እንደሚችል ይገመታል። ውኃ ባለበት ሕይወት ሊኖር ይችላል የሚለው ግምትም ከዚሁ ጋር አብሮ መጣ።

በዚህ ጊዜ መንኩራኩሯ ራሷ የስጋት ምንጭ ሆነች። ስትሠራ ከረቂቅ ተሕዋስያን ሙሉ በሙሉ እንድትጸዳ አልተደረገም ነበር። ነዳጇ ሲያልቅ አቅጣጫዋን መቆጣጠር የማይቻል ሲሆን፣ ጁፒተርና ጨረቃዎቹ በስበት ኃይላቸው እየጎተቱ ምህዋሯን ሊለውጡትና ውሎ አድሮ ከዩሮፓ ጋር ሊያላትሟት ይችሉ ነበር። ከምድር የሄደ ተሕዋስ በዚያ ውኃ ውስጥ ቢራባ ደግሞ አንድ ቀን የሚገኘው ሕይወት የዚያው ተወላጅ ይሁን ከእኛው ዘንድ የተወሰደ ለመለየት ያዳግታል። እ.ኤ.አ የ1967ቱ ዓለም አቀፍ የጠፈር ስምምነትም አገሮች ሌሎች የሰማይ አካላትን ከጎጂ ብክለት እንዲጠብቁ ያስገድዳል።

ስለዚህም ጥቂት ነዳጅ እያለ መንኩራኩሯን ወደ ጁፒተር መስደድ ተመረጠ። በፕላኔቱ ከባቢ አየር ውስጥ ምን እንደሚገጥማት ከጋሊሊዮ ተነጥላ እ.ኤ.አ በ1995 ወደዚያ የገባችው አነስተኛ መመርመሪያ አሳይታ ነበር። መመርመሪያዋ በፓራሹት እየወረደች ለ58 ደቂቃ ያህል መረጃ ካስተላለፈች በኋላ ድምፅዋ ጠፍቷል። እናት መንኩራኩሯ ግን ሙቀት መከላከያም ፓራሹትም አልነበራትም።

ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2002 አማልቲያ በተባለችው ትንሽ ጨረቃ አጠገብ ካለፈች በኋላ ወደ ፍጻሜዋ በሚወስዳት መስመር ላይ ሆነች። በዚያን ጊዜ በጁፒተር ዙሪያ ያለው ኃይለኛ ጨረር መሣሪያዎቿን ክፉኛ ጎድቶ ነበር። በመጨረሻው ዕለት በሰከንድ 48 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረች ከባቢ አየሩን ስትቀላቀል ካሊፎርኒያ በሚገኘው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የቀድሞና የወቅቱ ሠራተኞች ከነቤተሰቦቻቸው ተሰብስበው ይጠባበቁ ነበር። የሬዲዮ ምልክቷ ምድር ለመድረስ 52 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ስለነበር፣ የመጨረሻው መልእክት ሲደርሳቸው መንኩራኩሯ ጠፍታለች።

ካሲኒ የተባለችው መንኩራኩርም በሳተርን ዙሪያ ለ13 ዓመታት ከሠራች በኋላ እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2017 በተመሳሳይ ምክንያት ወደ ፕላኔቱ ገብታ ጠፍታለች። በእርሷ በኩል ጥበቃ ያስፈለጋቸው ከበረዷማ ገጽታዋ ውኃ የምትረጨው ኤንሴላደስና ታይታን የተባሉት ጨረቃዎች ናቸው። ካሲኒ እስከ መጨረሻዎቹ ሰከንዶች ድረስ አንቴናዋን ወደ ምድር አዙራ ስለ ሳተርን ከባቢ አየር መረጃ ስትልክ ቆይታለች።

ጋሊሊዮ ሳትነካት የቀረችውን ዩሮፓን በቅርበት እንድታጠና ናሳ ዩሮፓ ክሊፐር የተሰኘች መንኩራኩር እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2024 አምጥቋል። ጁፒተር ዘንድ ትደርሳለች ተብሎ የተያዘላት ጊዜ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 2030 ነው።